በዜሮ ቀን የተወለደ ሰው አለ?

መቫሰረት ጽዮን የሚኖሩት አያቴ ተዑዳት ዘሁታቸው ላይ የልደት ቀናቸው 00.00.1943 ይላል። ከኢትዮጵያ የመጡ የብዙ አባቶችና እናቶች መታወቂያም እንዲሁ ነው፤ ቀኑና ወሩ ሳይታወቅ ሲቀር መዝጋቢው ዜሮ ይሞላበታል። ባለፈው ሰሞን በኢንተርኔት ቀጠሮ ላስይዝላቸው ስሞክር ቅጹ ዜሮውን አልቀበልም አለ። ነገሩን ስነግራቸው «ታዲያ በዜሮ ቀን የተወለደ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን መዝጋቢው የሚሞላው ባጣ ነበር። ዐሥር ፲፣ መቶም ፻ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ዜሮ አላስፈለገም፤ 1943 የሚጻፈው ፲፱፻፵፫ ተብሎ ነው። ሐሳቡ ግን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ፣ ተካፍሎ የሚተርፍ ከሌለ «አልቦ» ይላሉ፤ የለም ማለት ነው።

ግን «የለም» ራሱ ቁጥር ነው ወይ? ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ በ1884 ባሳተመው መጽሐፍ ነው ብሏል፦ ዜሮ ማለት ከራሳቸው ጋር እኩል ያልሆኑ ነገሮች ብዛት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አንድም የለም። ከዚያ ዜሮን ራሱን ቆጠረና አንድን አገኘ። በ1902 በርትራንድ ራስል በፍሬገ ሥርዓት ውስጥ ተቃርኖ አገኘበት። መሠረቱን እንደገና ከጣሉት አንዱ አብርሃም ፍሬንክል በኋላ እዚሁ አጠገባችን፣ ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በ1965 ያረፉትም እዚሁ ነው። በዚህኛው መንገድ ዜሮ ባዶ ስብስብ ነው። እኔ የገባኝ በመሶብ ነው፤ ባዶ መሶብ ውስጥ እንጀራ የለም፣ መሶቡ ግን አለ፣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

የአያቴ ዜሮ ታዲያ ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው? አልቦ እንዳይባል ቀኑ ነበር። ክዳኑ ያልተከፈተ መሶብ አይቶ ባዶ ነው እንደማለት ነው። «አላወቅነውም» እና «የለም» በአንድ ምልክት ተጻፉ።

እናታቸው ግን ነግረዋቸዋል፦ ጎንደር፣ ጤፍ ሲታጨድ፣ ሰዉ ከስግድ በተመለሰ ማግስት።

በስልክ ያነጋገርኩት ሠራተኛ ይህን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። «1 በ1 ብለን እንሙላው» አለኝ። አያቴ ከጎኔ ሆነው ሰሙ።

«እሱ የፈረንጆች አዲስ ዓመት አይደለም? እኔ የስግድ ማግስት ነኝ። እንደዚያ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ።»

ቀጠሮው እስካሁን አልተያዘም።