ከዲሹ እስከ ስፒከሩ

ዳባትም ሆነ ደባርቅ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ምን እንደሚያዩ ለማወቅ ጣሪያቸው ላይ ያለው ዲሽ ወዴት እንደዞረ ማየት ይበቃል። ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ በደንብ ያንጋጠጠው በ2012 ዓ.ም. የተጀመረውን ኢትዮሳትን ይቀበላል፤ ሳተላይቱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለቆመ ከደባርቅ ሲታይ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ወደ ምዕራብ ዞሮ ዝቅ ያለው ናይልሳትን ፈልጎ ነው። እናም ምስል ሲጠፋ «ተራራው ጋርዶን ነው» የሚል ዲሽ ሠሪ ከመጣ አትመኑት። የሰሜን ተራሮች የቱንም ያህል ቢረዝሙ፣ ከከተማው ሆነው ሲያዩአቸው እዚያ ድረስ አይደርሱም።

ከዲሹ የሚወርደው ኬብል ሁለት ሥራ አለው። ምልክቱን ወደ ታች ያመጣል፤ ከሪሲቨሩ ደግሞ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ላይ፣ ዲሹ አፍ ላይ ወዳለው ኤልኤንቢ ይወስዳል። ሪሲቨሩ ሶኬት ላይ እያለ ይህን ኬብል መፍታትና ማሰር የማይመከረው ለዚህ ነው፤ የመሐሉ መዳብ ከዙሪያው ሽቦ ጋር ከተነካካ ሾርት ይሆናል።

ሰው የሚቸገረው ግን ከሪሲቨሩ ጀርባ ነው፣ በተለይ ሆም ቲያትር የተገዛ ዕለት። ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ሁሉም ያውቀዋል፦ ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ። ብዙዎች የሚስቱት ሦስቱ አብረው መሄድ ያለባቸው ስለሚመስላቸው ነው። ቢጫው ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቶ፣ ነጩና ቀዩ ወደ ሆም ቲያትሩ ቢሄዱ ምንም ችግር የለውም። መነሻቸው «አውት» የተጻፈበት፣ መድረሻቸው «ኢን» የተጻፈበት ይሁን እንጂ። ከአውት ወደ አውት የተሰካ ገመድ አይቃጠልም፣ አይጮህምም፤ ባለቤቱ ግን ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሱቅ ይመላለሳል።

ቢጫው ገመድ ዕድሜውን በልቷል። የሚያሳልፈው ምስል ቢበዛ 576 መስመር ነው፤ ኤችዲኤምአይ 1080ውን ያለ ጭንቅ ያሳልፋል። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝቶ በቢጫ ገመድ ማየት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ብዙ ሪሲቨሮች በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ድምፅ ስለሚያወጡ፣ ኤችዲኤምአዩን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ነጭና ቀዩን ወደ ሆም ቲያትሩ ሰክቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዜሮ ማድረግ ለአብዛኛው ሳሎን በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው ኤአርሲ የቴሌቪዥኑን ድምፅ በዚያው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሆም ቲያትሩ ይመልሳል፤ ሁለቱም ዕቃዎች ላይ ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ መኖር አለበት።

አምስቱም ስፒከር ስለጮኸ ግን ድምፁ 5.1 ሆኗል ማለት አይደለም። በነጭና በቀይ የሚገባው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ያንኑ ለሁሉም ያካፍላል። እውነተኛው 5.1 የሚመጣው በኦፕቲካል፣ በኮአክሲያል ወይም በኤችዲኤምአይ ነው፤ ያውም ጣቢያው ወይም ዲቪዲው እንደዚያ አድርጎ ካዘጋጀው።

የስፒከር ሽቦም ቀይና ጥቁር አለው። የአንዱ ስፒከር ከተገለበጠ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባልና ቤዙ ይከሳል። «ቤዝ የለውም» ብሎ ዕቃ ከመመለስ በፊት ይህን ማየት ይቀድማል።

ክረምት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ስታብላይዘር የሚጠብቀው በሶኬት በኩል የሚመጣውን ነው፤ መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ ግን ኃይሉ በዲሹ ኬብልም ሊገባ፣ በኤችዲኤምአይ ተሻግሮ ቴሌቪዥኑንና ሆም ቲያትሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ሶኬቱም፣ የዲሹ ኬብልም ይነቀላል። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ከሆነ ግን ኬብሉን መንካት አይገባም፤ ሪሲቨር ይገዛል።