እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ቱሪዝሟ ምን ሆነ?

አንድ አገር ከንግድ ማኅበር ሲወጣ መጀመሪያ የሚወራው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ጉምሩክና ስለ ወደብ ነው። እኔ ግን እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበትን ጉዳይ ስከታተል ከዕቃው ይልቅ የሳበኝ የመንገደኛው ነገር ነው። የሕግ ትምህርት ያመጣብኝ አመል ይሁን እንጃ፣ አውሮፕላን ሲነሳ ባየሁ ቁጥር በማን ፈቃድ እንደሚበርር እጠይቃለሁ።

የእንግሊዝ ሕዝብ በጁን 2016 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 52 ለ48 በመቶ ድምፅ መውጣትን መረጠ። አገሪቱ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች፤ የሽግግር ጊዜውም በዚያው ዓመት መጨረሻ አበቃ።

በኅብረቱ ሕግ የአንድ አባል አገር ፈቃድ ያለው አየር መንገድ በየትኞቹም የኅብረቱ ከተሞች መካከል መብረር ይችላል። የእንግሊዝ ኩባንያ ከሚላን ፓሪስ ሰው ቢያመላልስ ጠያቂ አልነበረውም። ቅድመ ሁኔታው ከግማሽ በላይ ባለቤትነቱና ቁጥጥሩ በኅብረቱ ዜጎች ወይም መንግሥታት እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኢዚጄት ገና በ2017 ቪየና ላይ እህት ኩባንያ አቋቁሞ የኦስትሪያ ፈቃድ አወጣ። ያም አልበቃም። በ2021 መጀመሪያ የኅብረቱ ዜጋ ያልሆኑ ባለአክሲዮኖቹን ከፊል የድምፅ መብት አገደ። ልብ በሉ፣ የእንግሊዝ ኩባንያ የእንግሊዛዊውን ባለአክሲዮን አፍ ሲዘጋ ማለት ነው! በዲሴምበር 2020 የተፈረመው ስምምነት ከእንግሊዝ ወደ ኅብረቱና ከዚያ መመለስን ፈቀደ፤ በኅብረቱ ውስጥ ከአገር አገር መንገደኛ ማመላለስን ግን ለእንግሊዝ አየር መንገዶች አልሰጠም።

ትልልቆቹ ጠበቃ ቀጥረው፣ ሁለተኛ ፈቃድ አውጥተው ተሻገሩት። ዕዳው የወደቀው ከበታች ባሉት ላይ ነው። ድሮ አንድ የእንግሊዝ ወጣት በጋውን ግሪክ፣ ክረምቱን የአልፕስ ተራሮች ላይ በአስጎብኚነት ወይም በምግብ አብሳይነት ያለ ምንም ፈቃድ ይሠራ ነበር። አሁን በእንግዳነት የሚቆየው ከ180 ቀን 90ውን ብቻ ነው፤ ለመሥራት ደግሞ የእያንዳንዱን አገር ፈቃድ ይጠይቃል። የእንግሊዝ የጉዞ ወኪሎች ማኅበር ባቀረበው መረጃ መሠረት በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ያሉ እንግሊዛውያን ቁጥር ከ2017 እስከ 2023 ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል።

ወደ አገሪቱ የሚገባውስ? ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ እንግሊዝ የኅብረቱን ዜጎች በመታወቂያ ማስገባት አቆመች። ትንሽ ነገር ትመስላለች። የጀርመን ትምህርት ቤት ግን አንድ ክፍል ተማሪ ይዞ ለመምጣት ለልጆቹ ሁሉ ፓስፖርት ማስወጣት ነበረበት፤ ከመካከላቸው የሶርያ ወይም የአፍሪካ ዜግነት ያለው ልጅ ካለ ቪዛም ይጨመር ነበር። መምህሩ ይህን ሁሉ ከሚጋፈጥ ደብሊንን ይመርጥ ነበር። እንግሊዝኛ እዚያም ይነገራል። መንግሥት በ2023 መጨረሻ ለፈረንሳይ ተማሪዎች ብቻ ነገሩን አላላው። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የኅብረቱ ዜጎች ቅድመ ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ፤ ክፍያው 10 ፓውንድ ተብሎ በሳምንቱ 16 ገባ።

እርግጥ ነው፣ እንግሊዛዊው ፀሐይ ፍለጋ መሄዱን አልተወም። በ2024 ከ18 ሚሊዮን በላይ የእንግሊዝ ጎብኚዎች ስፔን ገብተዋል። የኮሮናን ጉዳት ከመውጣቱ ጉዳት ለይቶ መመዘንም ቀላል አይደለም።

የኛ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ ድሮም በሸንገን ውስጥ አልነበረችም፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ሁለቱ ቪዛዎች ያኔም አሁንም የተለያዩ ናቸው። የተለወጠው የእንግሊዝ ፓስፖርት ለያዘው ወገናችን ነው፤ ፓሪስ ሲደርስ ከኅብረቱ ዜጎች ሰልፍ ወጥቶ ከሌላው ዓለም ሰው ጋር ይቆማል። አፍሪካ ደግሞ በተቃራኒው እንግሊዝ የተወችውን ለመሥራት እየጣረች ነው። በጃንዋሪ 2018 ኢትዮጵያን ጨምሮ 23 አገሮች የአንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ውጥን ጀምረዋል።

በሜይ 2025 እንግሊዝና ኅብረቱ ለንደን ላይ ተገናኝተው፣ ወጣቶች ለተወሰነ ጊዜ ተሻግረው የሚሠሩበትንና የሚማሩበትን ሥርዓት ለመደራደር ተስማሙ። ከ2021 በፊት ያ ወጣት የሚያስፈልገው ፓስፖርት ወይም መታወቂያና የአውሮፕላን ትኬት ነበር።