ማሞ ወልዴ፦ ከመጨረሻነት በኋላ የነበሩት 12 ዓመታት

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሊምፒክ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ሲካሄድ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር ማሞ ወልዴ በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና አራት ሯጮች እያንዳንዳቸው 400 ሜትር እየሮጡ ዱላ በሚቀባበሉበት የቡድን ውድድር ተሰልፎ፣ በሦስቱም ከማጣሪያው፣ ማለትም ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያልፉት ከሚለዩበት ሩጫ፣ መጨረሻ ወጥቶ ተመልሷል። ስለ ማሞ ሲወሳ ይህ ሽንፈት እምብዛም አለመነሣቱ ያሳዝናል፤ የሰውየው ትልቅነት ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በኋላ በነበሩት 12 ዓመታት ነውና።

ፍጥነት የሚገዛቸውን አጫጭር ርቀቶች ትቶ ፊቱን ወደ ረጅሙ ሩጫ ያዞረው ማሞ የመረጠው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም እንዲጨምርና በጡንቻ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች እንዲበዙ ለዓመታት ሳያቋርጡ መሮጥ ያሻልና። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ በመውጣቱ ሜዳሊያው በአንድ ደረጃ አመለጠው፤ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት ማራቶን ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ሳይጨርስ አቋረጠ።

የ1961ዱ ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በስስ አየሯ ምክንያት ከቆላ አገር የመጡ ሯጮች ክፉኛ ተቸግረዋል። በደጋማ አገር ያደገ ሰው ሰውነቱ እንዲህ ያለውን አየር አስቀድሞ የለመደ በመሆኑ፣ ብዙዎች የማሞን ድል ለከፍታው ብቻ ሲሰጡ ይደመጣሉ፤ ይህ ግን ማሞን መበደል ነው። አበበም የደጋ ልጅ ነበር፤ ሆኖም በእግሩ ጉዳት የተነሣ ማራቶኑን 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ለማቋረጥ ተገደደ። ማሞ በበኩሉ ጥቅምት 3 ቀን በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ናፍታሊ ቴሙን ተከትሎ ብር ካገኘ ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ።

በዚህም አልቆመም። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ዕድሜው 40 ደርሶ ሳለ፣ በሙኒክ ማራቶን ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል።