ከመተማ ጦርነት እስከ ወሰን ስምምነት፤ ሰላምን በንግግር ስለ መሻት

የመተማ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ከሰይፉ ይልቅ ደብዳቤውን ነው። በዚያ ወሰን ላይ ሰላም በንግግር ሲፈለግ አንዳንድ ጊዜ የከሸፈው፥ አንዳንድ ጊዜም የተሳካው ስለ ምን ነው?

ነገሩ የተዠመረው በውል ነው። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ዐድዋ ላይ ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ የምጥዋ በር ለንግድ ክፍት ይሆናል፤ ኢትዮጵያም በሱዳን የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች እንዲወጡ ትረዳለች። ኢትዮጵያ የገባችውን ቃል ፈጸመች። ዳሩ ግን በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጥዋን ያዘች፤ መሐዲስቶችም ኢትዮጵያን የጠላታቸው ረዳት አድርገው ቈጠሩ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትርጕሙ ይገለጻል።

ከዚያ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማን መቱ፤ በ1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ ጎንደርን አቃጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. ለአቡ አንጃ በጻፉት ደብዳቤ፥ ድኻው በከንቱ ከሚያልቅ ይልቅ ታርቀን ከአውሮፓ የሚመጣውን የጋራ ጠላት እንከላከል የሚል አሳብ አቀረቡ። የተመለሰላቸው የንቀት መልስ ነበር። አሳቡ ትክክለኛ ነበር ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን የመጣው ከሁለቱ ቃጠሎዎች በኋላ ነው። መተማመን ከጠፋ በኋላ የሚጻፍ የሰላም ደብዳቤ እንደ ድካም ምልክት ይታያል።

ሁለተኛው ምሳሌ የግንቦት 1894 ዓ.ም. ውል ነው። ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወሰኑን በአዲስ አበባ ተዋዋሉ፤ መስመሩም መተማን በኢትዮጵያ፥ ገላባትን በሱዳን በኩል አደረገ። ውሉ ወሰኑ በሁለቱ ወገን ኮሚሲዮን ይመልከት ቢልም፥ በ1895 ዓ.ም. ምልክቱን የተከለው የእንግሊዙ ሻለቃ ግዊን ብቻውን ነው። ባለቤቱ ባልቆመበት የተተከለ ድንጋይ ክርክር ማብቀሉ አያስደንቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይሻላል። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት በተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊንን መስመር ለመነሻ ተቀበሉ፤ ከመተማ በስተ ሰሜን ያለው የእርሻ ጥያቄ ግን በጋራ ኮሚቴ እስኪፈታ ድረስ ነባሩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ተስማሙ። የዚህ ስምምነት ብልኀት ካርታውንና ገበሬውን ለይቶ ማየቱ ነው፤ መስመር በአንድ ቀን ሊፈረም ይችላል፤ የሰው ኑሮ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ ጊዜያዊው ዘላቂ ሆኖ ቀረ። የመጨረሻው መፍትሔ ስለ ዘገየ፥ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽቃ ሲገባ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ከእርሻቸው ተፈናቀሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሸሽተው የመጡ ብዙ ሰዎች የገቡት በዚያው በመተማ በር ነው። ወሰኑ የጠብ ስፍራ ብቻ ሳይሆን የመጠጊያም በር መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው፤ ንግግር ቃጠሎን መቅደም አለበት፤ ባለጉዳዩ ሳይገኝ ምልክት መተከል የለበትም፤ ለጊዜው የታሰረ ውልም ቀነ ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ዲፕሎማሲ ወረቀት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በመተማ ያየነው ወረቀቱ በመጻፉ የደረሰ ጥፋት ሳይሆን፥ ዘግይቶና በጎደሎ በመጻፉ የደረሰ ጥፋት ነው።