ከማሳ ወደ ጎተራ፡- የተሳቢ ጋንቾ የትና እንዴት ይታሰር?

በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ማንቡክና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ጥቅምት አልፎ ህዳር ሲገባ የአርሶ አደሩ ሐሳብ ከአረምና ከዝናብ ወደ መጓጓዣ ይዞራል። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል፣ አኩሪ አተሩ ቅጠሉን አራግፏል፣ ማሽላው ተራውን ይጠብቃል። ሰሊጥና አኩሪ አተር ግን ተራ ጠባቂዎች አይደሉም። ከደረቁ በኋላ ማሳ ላይ በቆዩ ቁጥር ቆባቸው እየተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በዚህ ወቅት ለአንድ ሳምንት የዘገየ መኪና የክረምቱን ድካም ሊያስቀር ይችላል።

ምርትን በእንስሳት ማጓጓዝ በዚህ አካባቢ እንደ ደጋው ቀላል ሆኖ አያውቅም። በበለስ ተፋሰስ ቆላማ ቦታዎች የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሬንም የጋማ ከብትንም ያደክማል፣ ይገድላልም። የጉሙዝ እናቶች ሸክማቸውን በእንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው በትከሻቸው ሚዛን መጠበቃቸው የአካባቢው የቆየ የማጓጓዣ ጥበብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በፓዊ ሰፈራ ሲካሄድና በጣሊያን ድጋፍ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ትራክተር ሰፊ መሬት ማረስ ያዘ። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ ትራክተር መግዛት የማኅበራትና የባለሀብቶች ዕቅድ ሆኗል። በዞኑ በነበረው የጸጥታ ችግር ከእርሻው ተፈናቅሎ የቆየው አርሶ አደር ወደ ማሳው ሲመለስ ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄም ምርቱን በምን እንደሚያወጣ ነው።

ተሳቢ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ትራክተር የሌለው ሰው በእጁ ያለውን ፒክአፕ ያስባል። አንድ ፒክአፕ በሳጥኑ የሚይዘው ቢበዛ አሥር ኩንታል ገደማ ነው። ከኋላው ትንሽ ተሳቢ ቢታሰርለት ምልልሱ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይተርፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚገናኝባትን አንዲት ክንድ የምታህል ብረት፣ በጋራዥ ቋንቋ ጋንቾውን፣ ማን የት ላይ እንዴት ይሥራት ሲባል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቅርብ ያለው ብየዳ ቤት ነው። ወፍራም ላሜራ ይቆረጣል፣ ፓራውልቱ ላይ ይበየዳል፣ ኳሱም እዚያው ላይ ይበየዳል፤ ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል። ከፋብሪካ የሚመጣው ፓራውልት ግን በአብዛኛው የተሠራው ለግጭት መከላከያና ለመልክ እንጂ ለመጎተቻ አይደለም። ጉተታውን መሸከም ያለበት የመኪናው አከርካሪ የሆነው ሻንሲ ነው። ስለዚህ የጋንቾው ተሸካሚ ብረት በሁለቱ የሻንሲ ጎኖች ላይ፣ አምራቹ ራሱ በተዋቸው ቀዳዳዎች፣ በብሎን መታሰር አለበት። ቀዳዳው ከሌለ በድሪል ይበሳል እንጂ በጋዝ ነበልባል አይቆረጥም፤ እሳት የነካው ብረት ጥንካሬው ይለወጣል፣ ጠርዙም ለስንጥቅ በር ይከፍታል። የተበሳው ቦታ ተሞርዶ ቀለም ካልተቀባ ዝገት ቀሪውን ይጨርሰዋል።

ኳሱን መበየድም እንዲሁ ነው። የመጎተቻ ኳስ ከተፈጠነ ጠንካራ ብረት የሚሠራ ስለሆነ የብየዳ ሙቀት አንገቱን ያደክመዋል። ከላይ ሲታይ ምንም የሌለበት ይመስላል፤ የሚሰበረው ግን ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ብሎኑም እንደተገኘ አይገዛም። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ብሎን ለዚህ ዓይነት ሥራ የታሰበ ነው፤ ቁጥር የሌለው ለቤት ዕቃ ቢሆን ይሻላል። ባለሙያ የሚለየውም እዚህ ነው፤ ብሎኑን አምራቹ በጻፈው ልክ በሚለካ ቁልፍ ያጠብቃል፣ በክንዱ ጉልበት ብቻ አይተማመንም።

የኳሱ ስፋት ሌላው ጉዳይ ነው። በብዙ አገሮች መደበኛው 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአሜሪካ አሠራር የመጡ ዕቃዎች ደግሞ በኢንች ይለካሉ። አንድ ኢንች ከሰባት ስምንተኛ የሚባለው ኳስ 47.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ50 የተሠራ የተሳቢ ራስ በዚህ ኳስ ላይ ሲቀመጥ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ዘሎ ይወጣል። ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ ባልሞላ ልዩነት ተሳቢው ብቻውን መንገዱን ይቀጥላል ማለት ነው። የ50 ሚሊ ሜትሩ ኳስም ቢሆን ተበልቶ ከ49 በታች ሲወርድ መቀየር አለበት።

ከሁሉም በላይ አርሶ አደሩን የሚያስከፋው ግን የክብደቱ ሒሳብ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ባለ ሁለት ጋቢና የናፍጣ ሃይሉክስ መኪኖች እንደ ሞዴላቸውና እንደ ገበያቸው እስከ 3 ሺህ 500 ኪሎ ግራም እንዲጎትቱ ይፈቀድላቸዋል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው ነው። ፍሬን ከሌለው ገደቡ 750 ኪሎ ግራም ላይ ይቆማል፤ እሱም የተሳቢውን የራሱን ክብደት ጨምሮ ነው። ተሳቢው ባዶውን 250 ኪሎ ቢመዝን የሚቀረው አምስት ኩንታል ብቻ ነው። ሃያ ኩንታል አኩሪ አተር በአንዴ ላወጣ ብሎ ላሰበ ሰው አምስት ኩንታል ቀልድ ይመስለዋል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ግን ቁልቁለት ላይ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሁለት ጭነት የሚያቆመው በአንድ መኪና ፍሬን ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ እሱን ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብም የተረፈውን ነዳጅ ይበላዋል። ተጨማሪ ገንዘብ ካለ መውጣት ያለበት ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው።

ጭነቱ የሚደረደርበት መንገድም ዕውቀት ይጠይቃል። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። 750 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ይህ ከ75 እስከ 110 ኪሎ ገደማ ነው። ጆንያው ወደ ኋላ ከበዛ የተሳቢው ምላስ ወደ ላይ ይነሳል፣ የመኪናው የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ፍጥነት ሲጨምርም ተሳቢው እንደ እባብ ጅራት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ወደ ፊት ሲበዛ ደግሞ የኋላው ባሌስትራ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማም መሪ መታዘዝ ያቆማል። በትከሻዋ እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክም የምታንጠለጥል የጉሙዝ እናት ይህን ሚዛን ያለ ሒሳብ ታውቀዋለች።

ትራክተር ላለው ሰው ነገሩ ይለያል፤ አደጋውም ይከፋል። አንድ የእርሻ ተሳቢ እስከ 50 ኩንታል ይጫንበታል። ይህን የሚጎትት ሰንሰለት ወይም ፒን ከትራክተሩ የኋላ አክስል በላይ፣ ለምሳሌ በላይኛው ክንድ መያዣ ላይ ከታሰረ፣ ተሳቢው ጭቃ ይዞት እምቢ ሲል የትራክተሩ አፍንጫ ይነሳል። ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሾፌሩ ላይ ለመውደቅ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ የለም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የአየርላንዱ ተወላጅ ሃሪ ፈርጉሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአገሩን ትራክተሮች ሥራ እንዲያሻሽል ሲመደብ ካያቸው ችግሮች አንዱ ማረሻ ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ ወደ ኋላ መገልበጡ ነበር። መፍትሔ ብሎ የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ በ1926 እ.ኤ.አ. ፓተንት ተሰጠው። በዚህ ዘዴ ማረሻው ሲከብደው የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ አፍንጫው መሬቱን አይለቅም። ስሙ በአገራችን አርሶ አደሮች ዘንድ በሚታወቀው ማሴ ፈርጉሰን ላይ ዛሬም አለ። ያ ክንድ የተሠራው ግን ለመግፊያ ነው፤ ተሳቢ ሲጎተትበት ፈርጉሰን ሊያስቀረው የደከመበትን አደጋ መልሶ ይጠራል። የተሳቢ ቦታ ከትራክተሩ ሆድ ሥር፣ ከአክስሉ በታች ያለው የመጎተቻ ብረት ነው። ፒኑም መቆለፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ሚስማር ወይም የታጠፈ ሽቦ ሰክቶ መሄድ ግን ተለምዷል።

ጋንቾው ከታሰረ በኋላ ቀላል የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው ሰንሰለት ነው። ሁለት ሰንሰለቶች ከምላሱ ሥር ተጠላልፈው በሻንሲው ላይ ከተያዙ፣ ኳሱ ቢለቅ እንኳ ምላሱ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል፤ አፈር ውስጥ ተተክሎ ተሳቢውን አይገለብጠውም። ሁለተኛው መብራት ነው። የምርት ወቅት ጉዞ ብዙ ጊዜ ሲመሽ ይሆናል፣ ጆንያ የሞላ ተሳቢ ደግሞ የመኪናውን ስቶፕና ፍሬቻ ይሸፍናል። ሽቦውን ልጦ ከፒክአፑ መብራት ጋር መጠምዘዝ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ባለሙያ የሚገጥመው ባለ ሰባት ቀዳዳ ሶኬት ነው። አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣ ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ እንደሚያስፈልገውም መዘንጋት የለበትም፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ሕግ ተሳቢንም ይመለከታል።

ሰው ግን የሚጫንበት አይደለም። ከገበያ ሲመለሱ በጆንያ ላይ፣ አንዳንዴም በምላሱ ላይ ተቀምጦ መሄድ በገጠር መንገዶች የሚታይ ነው። ምላሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢወድቅ የሚወድቀው ከተሳቢው ጎማ ፊት ነው።

የተጠበቀ ብሎንም በኮረኮንች መንገድ ይላላል። ስለዚህ ጋንቾ ያስገጠመ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምልልሶች እንደጨረሰ ወደ ጋራዡ ተመልሶ ብሎኖቹን በዚያው በሚለካው ቁልፍ ያስፈትሻል። ጊዜው የምርት ወቅት በመሆኑ ይህ ቀጠሮ ሳይረሳ የሚቀረው ከስንት አንዴ ነው፤ አንዳንድ መካኒኮች ብሎኑና ዳዶው ላይ አንድ የቀለም መስመር የሚያሰምሩትም ለዚሁ ነው። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል፤ ሾፌሩ ጠዋት ጎማ ሲያይ አብሮ ሊያየው ይችላል።