ተረኛው ሐኪም ሲያጠና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ያልፍና በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ግድም ላይ ናት። ቆላው ወባ አለው፤ እባብ አለው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የመኪና አደጋ። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ያንኑ ዳገት መልሶ መውጣት ስላለበት፣ እዚህ የሚመደብ አዲስ ምሩቅ ሌሊቱን በራሱ እውቀት መወጣት አለበት።

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስፔሻሊስቶቹ ገና ጥቂት ናቸውና በየወረዳው ከተማ ድንገተኛ ክፍሉን የሚይዙት ባመዛኙ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሚጠየቀው ተከታታይ ሥልጠና፣ ሲፒዲ የሚሉት፣ ይረዳቸዋል። ግን ነጥብ ለማሟላት የሚጠና ጥናትና ትናንት ማታ የመጣው ሕመምተኛ የሚያስጀምረው ጥናት አይተካኩም። እኔ የማምነው በሁለተኛው ነው።

ደብተር ይበቃል። ከአዳር በኋላ ያስቸገረውን አንድ ኬዝ የሕመምተኛውን ስም ሳይጠቅሱ መጻፍ፦ ምን አየሁ፣ ምን ጠረጠርኩ፣ ምን ሰጠሁ። ከዚያ መመሪያውን መክፈት። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የመሠረታዊ ድንገተኛ እንክብካቤ መጽሐፍ በነጻ ይገኛል፤ ኔትወርክ ሲኖር አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የሚተዉት ነው፦ ሪፈር የተባለው ሰው ምን ሆኖ እንደተገኘ ለተቀበለው ሆስፒታል ደውሎ መጠየቅ። ይህን የማይጠይቅ ሐኪም ስህተቱን እንደ ልምድ ይዞ ይቀጥላል።

ትምህርት ቤት የተማሩትም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት፣ በከባድ ወባ የታመሙ ሕፃናት ከኩዊኒን ይልቅ አርቴሱኔት ሲወጉ ሞት በ22.5 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። በዓመቱ ፊስት የተባለው ጥናት ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ ወጣ። ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሕፃናት በፍጥነት ፈሳሽ መስጠት ያድናል ይባል ነበር። ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ ከ10 በላይ ሞቱ፤ ካላገኙት ሰባት ያህል። ይህን ከርዕሱ ብቻ አንብቦ መሮጥ ግን አደገኛ ነው። ጥናቱ የተቅማጥ ሕመምተኞችን አላካተተም፤ ተቅማጥ ያደረቀውን ሕፃን ፈሳሽ መከልከል መግደል ነው። ስለዚህ አዲስ ሐኪም ጥናት ሲያነብ ውጤቱን ከማየቱ በፊት በማን ላይ እንደተደረገ ይይ።

እጅም ያጠናል። እባብ የነደፈውን ሰው ደም የመርጋት አቅም ለማወቅ ትንሽ ትኩስ ደም በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ተደርጎ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሲዘነበል ሳይረጋ ከፈሰሰ መርዙ ደሙን አበላሽቶታል። ቀላል ይመስላል። ቱቦው በሳሙና ታጥቦ ከነበረ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ግን ጤነኛ ደም እንኳ ላይረጋ ይችላል። ስለዚህ ሥራ በቀዘቀዘበት ከሰዓት በኋላ፣ በክፍሉ ባሉት ቱቦዎች የጤነኛ ሰው ደም እንደሚረጋ አስቀድሞ መሞከር ይገባል። ነርሶችም አብረው ይሞክሩ፤ ሌሊት ቱቦውን የሚይዙት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።