ሽቅብ ማረፍ፣ ቁልቁል መነሳት

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ይረዝማል። በፈረንሳይ አልፕስ፣ በሳቩዋ ተራሮች ላይ ያለው የኩርሽቬል ማኮብኮቢያ ግን 537 ሜትር ብቻ ነው። ያውም ለጥ ያለ አይደለም፤ ዳገት ነው። ዳገቱ በሚበረታበት ቦታ በየመቶ ሜትሩ 18.6 ሜትር ከፍ ይላል። የታችኛው ጫፉ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያበቃል፤ የላይኛው ደግሞ ተራራ ሥር። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,008 ሜትር ነው። የማኮብኮቢያ መብራት የለውም፤ አውሮፕላን በደመና ውስጥ እየመራ የሚያወርድ መሣሪያም የለውም። አብራሪው በዐይኑ እያየ ያርፋል፤ ካላየ አያርፍም።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደንቀው የአብራሪዎቹን ድፍረት ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ኩርሽቬልን ለስድሳ ዓመታት ያህል በሥራ ላይ ያቆየው ድፍረት አይደለም። በጊዜ “ዛሬ አይሆንም” ብሎ መመለስን ያወቁ አብራሪዎች ናቸው።

ትምህርቱ ከግግር በረዶ መጣ

ተራራ ላይ ማረፍ በኩርሽቬል አልተጀመረም። በ1921 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስዊዘርላንዱ ፍራንሷ ዱራፉር ከሞን ብላን አናት ዝቅ ብሎ በሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ዶም ዱ ጉቴ ላይ አርፎ ተመልሶ ተነሣ። የያዘው ኮድሮን የተባለ ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን ነበር። በኅዳር 1946 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን 12 ሰዎች እንዳሳፈረ በስዊዘርላንድ የጋውሊ ግግር በረዶ ላይ ወደቀ። ሁሉም በሕይወት ተርፈው ቀናትን በብርድ አሳለፉ። በመጨረሻ የስዊዘርላንድ አብራሪዎች ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተቻ) በተገጠመላቸው ሁለት ትንንሽ ሽቶርክ አውሮፕላኖች እየተመላለሱ አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ተራራ ላይ ማረፍ የጀብደኞች ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሰው ማዳኛ ሥራ ሆነ።

ሥራውን መልክ ካስያዙት አንዱ ከስዊዘርላንዷ ሲዮን የሚነሣው ሄርማን ጋይገር ነው። በ1952 በካንደር ግግር በረዶ ላይ ካረፈ በኋላ ብዙ ተጎጂዎችን ከተራራ አወረደ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው፤ ሽቅብ ታርፋለህ፣ ሳትቆም አውሮፕላኑን ወደ ጎን ታዞራለህ፣ ስትነሣ ቁልቁል ትንደረደራለህ። ጋይገር የሞተው ግን በግግር በረዶ ላይ አይደለም፤ በ1966 ሜዳው ለጥ ባለው የሲዮን አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰ ግጭት ነው። በፈረንሳይ በኩል የግሮኖብሉ ኦንሪ ዢሮ በ1960 ሞን ብላን አናት ላይ አረፈ። የአልፕ ዱዌዝ የተራራ ማረፊያ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ኩርሽቬል በ1946 የተቆረቆረ የስኪ መንደር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤር አልፕ የተባለውን አየር መንገድ የመሠረተው ሚሼል ዚግለር የግግር በረዶውን ዘዴ ወደ መንደሩ አመጣው፤ እንግዶች ከአውሮፕላን ወርደው በቀጥታ ስኪያቸውን እንዲጫሙ። በኋላ መንገደኛ ያመላልሱ ከነበሩት መካከል ትዊን ኦተር ይገኝበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በገጠር ያሉትን አጫጭር የአፈር ሜዳዎች ያገለገለው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ሃምሳ ሰው የሚይዘው ባለ አራት ሞተሩ ዳሽ 7 ሳይቀር በዚህ ዳገት ላይ አርፏል። ዛሬ ግን የሚመጡት በአብዛኛው የኪራይና የግል አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮችና የበረራ ተማሪዎች ናቸው።

ዳገቱ ፍሬን ነው

ዳገቱ የተሠራው ቦታ ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ ሥራ አለው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር ሞተሩ ቢጠፋና ሰበቃ ባይኖር፣ የያዘው ፍጥነት ብቻውን 88 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣዋል። የኩርሽቬል ማኮብኮቢያ ከታች እስከ ላይ የሚወጣው ከፍታ 60 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚበላው ዳገቱ ነው፤ ለፍሬን የሚተርፈው ጥቂት ነው። 537 ሜትር የሚበቃውም ለዚህ ነው።

ይኸው ሒሳብ ሌላ ጣጣ አለው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምታርፍ ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ፍጥነቷ የሚያወጣት 39 ሜትር ብቻ ነው። ጎማዋ መሬት ከነካ በኋላ አብራሪው ሞተሩን እንደገና ካላስጓራ ዳገቱ መሐል ትቆማለች፤ ከዚያም ወደ ኋላ ልትንሸራተት ትችላለች። ሌላ ቦታ ያረፈ አብራሪ ጋዙን ይቀንሳል፤ እዚህ ያረፈ ይጨምራል። ላይ ሲደርስ ለጥ ያለ መቆሚያ ያገኛል።

ሲነሣ ነገሩ ይገለበጣል። ዳገቱ በሚበረታበት ቦታ ከአውሮፕላኑ ክብደት 18 በመቶ ያህሉ ቁልቁል ስለሚስበው ፍጥነቱን ከሞተሩ ጋር ተጋግዞ ያበዛለታል። ነፋስ ከኋላ ቢመጣ እንኳ፣ መጠነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ቁልቁል መነሣት ይመረጣል። ነገር ግን አንዴ መንደርደር ከጀመሩ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ከባድ ነው፤ ቀድሞ ያገዘው ቁልቁለት ያን ጊዜ ፍሬኑን ይታገላል፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍ በታች ያለው ደግሞ ሸለቆ ነው።

ከጄኔቫ እስከ ዳገቱ

በበረዶ ወራት ጥርት ባለ ጠዋት ከጄኔቫ የሚነሣ ፒላተስ ፒሲ-12 የተባለ አውሮፕላን ጉዞው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከመሣፈር በፊት ሻንጣውም ስኪውም ይመዘናል፤ በዚህ በረራ ኪሎ ቀልድ አይደለም። በአኔሲ ሐይቅ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሞን ብላን በግራ ይታያል። ቀጥሎ የአልቤርቪል ከተማ፣ ከዚያ የታራንቴዝ ሸለቆ። ከአልቤርቪል ጀምሮ አብራሪው ዐይኑን ከተራሮቹ አያነሣም፤ በየትኛው ጫፍ ላይ በረዶው እንደ ጭስ እየተነሣ እንደሆነ ያያል። የበረዶ ጭስ ባለበት ብርቱ ነፋስ አለ፤ ከጫፉ ጀርባ ደግሞ አየሩ ይታመሳል።

ማረፊያው ሲታይ ዐይን ይዋሻል። ዳገታማ ማኮብኮቢያ አውሮፕላኑን ከትክክለኛው ከፍታው በላይ ያለ ያስመስለዋል። ዐይኑን ያመነ አብራሪ “ከፍ ብያለሁ” ብሎ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ካለ ከማኮብኮቢያው በፊት ያለው አፋፍ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከፍታውንና ፍጥነቱን በቁጥር ይይዛል፤ ሸለቆውን የሚያቋርጥበትን፣ የሚታጠፍበትንና ጎማ የሚያወጣበትን ነጥብ አስቀድሞ ያጠናል።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነጥብ አለ። እስከዚያ ድረስ አብራሪው ካልተመቸው ወደ ሸለቆው ታጥፎ መሄድ ይችላል። ካለፈው ግን ፊት ለፊቱ ያለው ተራራ ነው፤ ሞተሩ ሽቅብ ሊያሻግረው አይችልም፤ ማረፍ ግዴታው ይሆናል። በአብዛኞቹ ሌሎች ማረፊያዎች ጎማ መሬት እስኪነካ ድረስ፣ ከነካም በኋላ፣ እንደገና መነሣት ይቻላል። እዚህ ውሳኔው ሁሉ የሚያልቀው አየር ላይ ነው።

መጨረሻው ሰከንዶች ናቸው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ አሁንም ቁልቁል ነው፤ የሚቀበለው መሬት ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ያጋደለ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አፍንጫው ከቁልቁለት ወደ ዳገት መነሣት አለበት፤ ያለዚያ አውሮፕላኑ ከመሬቱ ጋር ይላተማል። መንገደኛው የሚሰማው ወንበሩ ከታች ሲገፋው፣ ጎማው ሲነካ፣ ከዚያም ይቆማል ብሎ ሲጠብቅ ሞተሩ እንደገና ሲያጓራ ነው።

ብርድ ይጠቅማል፣ ብርሃን ይጎዳል

ብርድ ለአውሮፕላን ወዳጅ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ክንፍም ሞተርም በደንብ የሚሠሩት በወፍራም አየር ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ በ2,008 ሜትር ላይ ሳለ 1,560 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ቦሌ፣ 25 ዲግሪ በሚሞቅ ከሰዓት፣ ያው አውሮፕላን 3,200 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይደክማል። በአየሩ በኩል ቦሌ ከኩርሽቬል ይከብዳል ማለት ነው። የቦሌ ካሣ ርዝመቱ ነው።

የበረዶ ወራት ፈተና ብርሃን ነው። ሰማዩ ሲደመን ጥላ ይጠፋል፤ ነጭ መሬትና ነጭ ሰማይ ይቀላቀላሉ፤ ርቀትና ከፍታ አይለዩም። ማኮብኮቢያው በማሽን የሚጠረገው ጎማ አስፋልት እንዲያገኝ ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩ መሬት በነጩ ተራራ ላይ ጎልቶ እንዲታይም ነው። ተጠርጎ የሚከመረው በረዶ ደግሞ ራሱ እንቅፋት ይሆናል፤ በ2019 አንድ ትንሽ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መጨረሻ አልፎ የበረዶ ክምር ውስጥ ገብቷል። ከተሣፈሩት የሞተ አልነበረም።

ማን ይፈቀድለታል?

በኩርሽቬል ማረፍ የሚችለው የፈረንሳይ የተራራ በረራ ብቃት ያለው አብራሪ፣ ወይም በዚሁ ማረፊያ ላይ ከአስተማሪ ጋር ሠልጥኖ ለቦታው ፈቃድ የተሰጠው ነው። ፈቃዱ ዕድሜ ልክ አይደለም፤ ሳያርፍበት ከቆየ ይወድቃል። በትልልቅ አውሮፕላን ሺህ ሰዓታት የበረረ ካፒቴንም ያለዚህ ፈቃድ አይገባም።

አገሪቱም ተራራዋን ለማንም ክፍት አላደረገችም። በ1985 የወጣው የተራራ ሕግ ለመዝናኛ ሲባል ሰውን በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ተራራ ላይ ማውረድን ከተፈቀዱ ማረፊያዎች ውጭ ይከለክላል። በጎረቤት አገሮች በሄሊኮፕተር ወጥቶ በስኪ መውረድ ሲቻል በፈረንሳይ የማይቻለው ለዚህ ነው። የአውሮፕላኑን ጩኸት መንደርተኛው ያውቀዋል፤ አውሮፕላኑ የሚያገለግላቸው ሰዎች ጥቂቶችና ባለጸጎች መሆናቸውም አይካድም። አብዛኛው እንግዳ ዛሬም በመኪና፣ ወይም በባቡር እስከ ሙቲዬ ከተማ ከዚያም በአውቶቡስ ነው የሚወጣው።

አንባቢ ምናልባት ኩርሽቬልን አያይ ይሆናል። በትንሽ አውሮፕላን ወደ ተራራማ ቦታ መሄዱ ግን አይቀርም። አብራሪው ደመና ወይም ነፋስ አይቶ “ዛሬ አንሄድም” ቢል፣ ወይም ተቃርቦ ሳለ ታጥፎ ቢመለስ፣ አያጉረምርሙበት። የከፈሉት ገንዘብ የገዛው ዋናው ሙያ እሱ ነው።